ሹተር ከወረወረ በኋላ ወዴት ይሂድ?

በዚህች መጽሔታችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ሬዲዮ ፕሮግራም አዘገጃጀት፣ አንዳንዴም ስለ ፍቅር ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቅርጫት ኳስ ልጽፍ ነው። «ይሄ ደግሞ ከጋዜጠኝነት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ የሚያገናኘው ነገር እንዳለ ታያላችሁ።

ጥያቄው አጭር ነው። አንድ ሹተር፣ ማለትም ከሩቅ ወርውሮ የማግባት ኃላፊነት የተጣለበት ተጫዋች፣ ኳሱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ወዴት መሄድ አለበት? ኳሱ ቢስት ሪባውንዱን ለመልቀም ወደ ቀለበቱ ይሩጥ? ወይስ የራሱን ቅርጫት ለመከላከል ወደ ኋላ ይመለስ? ለማያውቀው ሰው ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እኛ ሰፈር ግን ጓደኛ የሚያኳርፍ ጥያቄ ነው።

ሰፈሬ ኦሎምፒያ ነው። ከመስቀል አደባባይ በቦሌ መንገድ ወጥታችሁ ደምበል ሕንፃ ጋ ስትደርሱ ያ አካባቢ እኛ ነን። ሕንፃው፣ ካፌው፣ ባንኩ ጎን ለጎን ተደርድሯል፤ ሜዳ የሚባል ነገር ግን በመብራት ተፈልጎም አይገኝ። የምንጫወተው አንድ ግቢ ውስጥ ባለች አስፋልት ላይ ነው። ጨዋታው አልቆ ማኪያቶ ስናዝ ዋናው ጨዋታ ይጀመራል፤ ክርክሩ ማለቴ ነው። አንደኛው ወገን «የወረወርከውን ተከተል!» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ወርውረህ ተመለስ!» ይላል። እኔ ቁመቴ አጭር ስለሆነ የምጫወተው ፖይንት ጋርድ ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደ ፊት ግር ብሎ ሲሄድ ብቻዬን ኋላ ቀርቼ ሁለት ሰው፣ አንዳንዴም ሦስት ሰው ሲመጣብኝ የማየው እኔ ነኝ። በዚህ ምክንያት ወደ አንዱ ወገን እንደማደላ ከጅምሩ አልደብቅም። አቋሜ ይህ ነው፦ ከሩቅ የወረወረ ሹተር መመለስ አለበት። ለምን እንደሆነ ግን በስሜት ሳይሆን በምክንያት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስፖርቱን ለማይከታተሉ ጥቂት ነገር ልበል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ መሠረት የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት አለው። ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሦስት ነጥብ የሚያስገኘው መስመር ከቀለበቱ ሥር 6.75 ሜትር ይርቃል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ 6.25 ሜትር ነበር። ኳስ ስቶ ሲመለስ የሚለቀመው ሪባውንድ ይባላል። የወረወረው ቡድን ራሱ ከለቀመው እንደገና የማግባት ዕድል ያገኛል። ተከላካዩ ቡድን ከለቀመው ደግሞ ይዞት ይነዳል፤ ፋስት ብሬክ የምንለው ይሄንን ነው። በእግር ኳስ ቋንቋ መልሶ ማጥቃት ማለት ነው።

እግር ኳስን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ስለሌለ በእሱ ልመስል። ቡድናችን የማዕዘን ምት አገኘ እንበል። ረጃጅሞቹ ተከላካዮች በጭንቅላት ለመግጨት ወደ ተጋጣሚ ግብ ይወጣሉ። ታዲያ አሥሩም ተጫዋች ይወጣል እንዴ? አይወጣም። ሁለት ወይም ሦስት ሰው መሐል ሜዳ አካባቢ ይቀራል። ስታዲየም ገብቶ የሚያይ ሕፃን ልጅ እንኳ የቀሩት ሰዎች ለምን እንደቀሩ ይገባዋል። «ለምን አልወጡም?» ብሎ የሚሳደብ ደጋፊ የለም። በቅርጫት ኳስ ግን እያንዳንዱ ውርወራ የማዕዘን ምት ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ጨዋታ ውስጥ በብዙ አሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ይደገማል። እኛ ግን ማን ወጥቶ ማን እንደሚቀር ሳንነጋገር እንጫወታለን።

አሁን የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በቅንነት ላቅርብ። «ተከተል» የሚሉት ሰዎች ዋና ማስረጃ አላቸው። ኳሱ አጥሮ ይሁን በዝቶ፣ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ እንደሚስት ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው ወርዋሪው ነው ይላሉ። ጣቱ ይነግረዋል። እውነት ነው። ለዚህም የሚጠቅሱት ላሪ በርድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ቦስተን ሴልቲክስ ከሂውስተን ሮኬትስ ጋር ባደረገው የፍጻሜ ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ በርድ ከቀኝ በኩል ወረወረ። መሳቱን ወዲያው ስላወቀ ወደ ፊት ሮጦ ሪባውንዱን አየር ላይ ያዘው፤ መሬት ሳይነካ ኳሱን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ አገባው። ይህን ቪዲዮ ያላየ ልጅ እኛ ሰፈር የለም። ብዙዎቻችንን ያበላሸንም እሱ ቪዲዮ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን ትሉኝ እንደሆነ፣ በርድ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም ይረዝማል፤ የሚጫወተውም ግንባር ላይ ነው። የእኛ ሹተሮች ደግሞ አብዛኞቹ ጋርዶች ናቸው። ሁለተኛ ነገር፣ ያች ጨዋታ እስካሁን የምትወራው ብርቅ ስለሆነች ነው። ዘወትር የሚሆን ነገር ቢሆን ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር?

ደግሞም ሹተሩ ኳሱ እንደሚስት ቢያውቅም እዚያ መድረስ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ6.75 ሜትር የተወረወረ ኳስ አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰከንድ ያህል ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ላለ ጊዜ ነው። ወርዋሪው ዘሎ ስለሚወረውር መጀመሪያ መሬት ማረፍ አለበት። ፊቱ ላይ የሚከላከለው ሰው አለ። ከቀለበቱ ሥር የቆሙት ረጃጅሞች በዚህ ጊዜ ቦታቸውን ይዘዋል። በዚያ ላይ ከአንድ ጎን የተወረወረ ኳስ ሲስት ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በተቃራኒው ጎን ነው። ስለዚህ ሹተሩ ከሁሉም ሰው ቀድሞ ቢያውቅም ከሁሉም ሰው የራቀ ነው። ዕውቀት ብቻውን ሪባውንድ አይሆንም።

ቁጥሩንም እንመልከት። በአሜሪካው ኤን.ቢ.ኤ. በ1980ዎቹ ከሳቱ ኳሶች ውስጥ አጥቂው ቡድን መልሶ የሚይዘው ከሦስት አንድ ያህሉን ነበር። በ2010ዎቹ መጨረሻ ላይ ይህ ከአራት አንድ በታች ወርዷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ትንሽ ቢያንሰራራም ዞሮ ዞሮ ከአራት የሳቱ ኳሶች ሦስቱ የሚገቡት በተጋጣሚ እጅ ነው። ይህ የሆነው ተጫዋቾቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። አሰልጣኞቹ አስበውበት ነው። በግሬግ ፖፖቪች ይሠለጥን የነበረው ሳን አንቶኒዮ ስፐርስና በዶክ ሪቨርስ ይሠለጥን የነበረው ቦስተን የማጥቃት ሪባውንድን ትተው ቶሎ በመመለስ የታወቁ ነበሩ። ቦስተን በ2011–12 የውድድር ዘመን በዚህ ረገድ ከሊጉ የመጨረሻው ነበር፤ ሆኖም ያን ዓመት ለዋንጫው ፍጻሜ አንድ ጨዋታ ነው የቀረው።

«ስፐርስ ብለህ ጠራህልን፤ ታዲያ በ2013 ምን ሆኑ?» ይሉኛል ጓደኞቼ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዚያ ዓመት ፍጻሜ ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ስፐርስ ማያሚ ሂትን 95 ለ92 እየመራ ዋንጫው ሊሰጠው ሰከንዶች ቀርተውት ነበር። ሌብሮን ጄምስ ሦስት ነጥብ ወረወረና ሳተ። ክሪስ ቦሽ ሪባውንዱን ይዞ ለሬይ አለን ሰጠው። አለን 5.2 ሰከንድ ሲቀር አገባና 95 እኩል አደረገ። ማያሚ በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ100 አሸነፈ፤ ሰባተኛውንም ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አንዲት የማጥቃት ሪባውንድ የአንድ ዓመት ድካም ገለበጠች።

ይሁንና ይህን ታሪክ ደግማችሁ እዩት። ሪባውንዱን የያዘው ማነው? ረጅሙ ቦሽ ነው። ሹተሩ ሬይ አለን ምን አደረገ? ወደ ቀለበቱ ሥር ገብቶ አልተጋፋም። እግሩን ወደ ኋላ እየቆጠረ ወደ ቀኝ ጥግ፣ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ወጣ። ቦሽም ሲዞር እዚያ አገኘው። እሱም ቢጋፋ ኖሮ ቦሽ ኳሱን ለማን ይሰጠው ነበር? ሌላም ነገር አለ፤ ስፐርስ ረጅሙን ቲም ደንካንን በዚያች ቅጽበት ወንበር ላይ አስቀምጦት ነበር። ስለዚህ ይህ ታሪክ «ረጅሙ ይልቀም፣ ሹተሩ ቦታውን ይወቅ» የሚለውን ነው የሚያስተምረው። ለእኔ ወገን ነው የሚመሰክረው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የእኔን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፍጻሜ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ክሊቭላንድ ካቫሊየርስና ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ 89 እኩል ናቸው። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የክሊቭላንዱ ካይሪ ኧርቪንግ ወረወረና ሳተ። አንድሬ ኢጉዳላ ሪባውንዱን ይዞ ነዳ፤ ለስቴፍ ከሪ ሰጠና መልሶ ተቀበለ። ባዶ ሌይ አፕ ሊያገባ ሲል ሌብሮን ከኋላ ደርሶ ቦርዱ ላይ ለጠፈበት። ይህን ብሎክ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ክሊቭላንድ 93 ለ89 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

ግን ከሌብሮን በፊት አንድ ሰው ነበር። ጄ.አር. ስሚዝ ይባላል። ስሚዝ በምን ይታወቃል? በሹተርነቱ ነው። ያን ጊዜ ግን ኋላ ነበር። ኢጉዳላ ሊነሳ ሲል ፊቱ ላይ ገባበት። ኢጉዳላም ስሚዝን ለማለፍ ሲል አየር ላይ ኳሱን ዝቅ አድርጎ እንደገና ማንሳት ነበረበት። ያች የሰከንድ ሽራፊ ናት ሌብሮንን ያደረሰችው። ስሚዝ ኳሱን አልነካም። በውጤት ወረቀቱ ላይ ለዚህ ሥራው ምንም አልተጻፈለትም። ነገር ግን ባይመለስ ኖሮ «ብሎኩ» የሚባል ነገር አይኖርም ነበር ብዬ እከራከራለሁ።

እዚህ ላይ ከእኔ አቋም ጋር የማይስማማ ጥናት እንዳለም መናገር አለብኝ፤ የሚስማማውን ብቻ መርጦ ማቅረብ የጋዜጠኛ ሥራ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ቦስተን በተካሄደው የስሎን የስፖርት ትንተና ጉባኤ ላይ አንድ ጥናት ቀርቦ ነበር። አጥኚዎቹ የተጫዋቾችን እንቅስቃሴ በካሜራ የሚከታተል መረጃ ተጠቅመው ብዙ የኤን.ቢ.ኤ. ቡድኖች ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ እየተመለሱ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ላይ ደረሱ። በ2024–25 የውድድር ዘመንም ሂውስተን ሮኬትስ በማጥቃት ሪባውንድ ሊጉን እየመራ ጠንካራ ቡድን ሆኗል። አሮን ፈርን የሚባል አውስትራሊያዊ አሰልጣኝ ደግሞ በኬርንስ ታይፓንስ ክለብ ሳለ ሌላ ዘዴ አሳይቷል። ኳስ ሲወረወር አምስቱም አጥቂዎች ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ የሚሄዱት ግን ዝም ብለው ወደ ቀለበቱ አይደለም። እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ተከላካይ በመሐል ሜዳ በኩል ሆኖ ይጠጋዋል። ተከላካዩ በቀለበቱና በአጥቂው መካከል ስለሚጣበቅ ሮጦ ፋስት ብሬክ መውጣት አይችልም። ሪባውንድ መሻማትም መከላከልም በአንድ እንቅስቃሴ ተሠራ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሐሳቤን አያፈርሰውም? አያፈርሰውም። እነዚህ ቡድኖች የሚሄዱት ተነጋግረው፣ ተለማምደው፣ ማን የማንን ሰው እንደሚይዝ አውቀው ነው። እኛ ጋ ያለው ግን ሌላ ነው። ሹተሩ ይወረውራል፤ ከዚያ እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ኳሱን ያያል። ገባ ወይስ ሳተ? ሲስት «ኤጭ!» ይላል። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሌላ ሰው ኳሱን ሲይዘው ይቆማል። ሪባውንዱንም አላገኘ፣ መከላከሉንም አልደረሰ። ከሁለት ያጣ ጎመን ይሏል እንዲህ ነው። የእኔ ዋና ጠላት እንግዲህ ይሄ ተመልካች ሹተር ነው። ከልቡ ሮጦ የሚሻማውን ከልቤ አከብረዋለሁ።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ከሜዳችን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ ብዙ ቦታ የምታገኙት አንድ ቀለበት ነው፤ ሁለቱም ካሉ አንደኛው የተጣመመ ነው። ስለዚህ የምንጫወተው ግማሽ ሜዳ ላይ ነው። በግማሽ ሜዳ ጨዋታ ተከላካዩ ሪባውንድ ሲይዝ ኳሱን ከመስመር ውጭ አውጥቶ ነው እንደገና የሚያጠቃው። በቶኪዮ ኦሎምፒክ የገባው የሦስት ለሦስት ጨዋታም ሕጉ እንዲሁ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ያደገ ሹተር ኳሱን ሲያወጡት ለማረፍ ጊዜ ያገኛል። የሚሮጥበት ኋላ የለውም። ሙሉ ሜዳ ሲገባ ግን ያች የዕረፍት ጊዜ ትጠፋለች። ሁለት ሦስት ሰው አልፎት ሲበር ያያል። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም፤ ኋላ የሚባል ነገር ያላሳየነው እኛ ነን።

ቀለበታችንም ራሱ ይናገራል። መረብ የለውም፤ ስፕሪንግ የለውም፤ ደረቅ ብረት ነው። ከሩቅ የተወረወረ ኳስ ሲመታው እንደ ድንጋይ ይወነጨፋል። እሱ ኳስ ከቀለበቱ ሥር አይወድቅም፤ ሹተሩን በራሱ ላይ አልፎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ወደ ፊት የሮጠ ሰው ኳሱ ከኋላው ነው። ትንሽ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ግን አንዳንዴ ሳይጋፋ ሪባውንዱ ደረቱ ላይ ይመጣለታል። ስለዚህ መመለስ ሁልጊዜ ሪባውንድ መተው ማለት አይደለም።

«ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ይህን ሁሉ ማን ይሮጣል?» የሚልም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗ እውነት ነው። ግን እስቲ አስሉት። ተከትሎ የሚሄደው ሰው ወደ ቀለበቱ ስድስት ሰባት ሜትር ሮጦ፣ ኳሱን ካጣ በኋላ ደግሞ ሙሉ ሜዳውን መመለስ አለበት። የሚመለሰው ሰው ግን ከቆመበት ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሄደው። ትንፋሽ ቆጣቢው እሱ ነው። ደግሞ እኛ የአበበ ቢቂላ ልጆች ነን እንላለን! እሱ በ1960 ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ የእኛ ሹተር በስኒከር እስከ መሐል ሜዳ መመለስ ከበደው።

እንደ ምሳሌ አንድ ሒሳብ ልሥራ። ቁጥሩ የግምት ነው፤ አንባቢ በራሱ ቁጥር ሊቀይረው ይችላል። በአንድ ጨዋታ 40 ኳስ ሳትን እንበል። ሹተሮቻችን ስለተከተሉ ሁለት ተጨማሪ ሪባውንድ አገኘን፤ ከሁለቱ አንዱን ብናገባ 2 ነጥብ ነው። በሌላ በኩል ሹተሮቻችን ስላልተመለሱ ተጋጣሚያችን አራት ተጨማሪ ፋስት ብሬክ አገኘ። ባዶ ሌይ አፕ ስለሆነ ሦስቱን ያገባል፤ 6 ነጥብ። ተመልሰን ቆመን ብንጠብቀው ኖሮ ከአራቱ ምናልባት 3 ነጥብ ቢያገኝ ነው። ስለዚህ 2 አተረፍን፣ 3 ከሰርን። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። «ለአንድ ነጥብ ይህን ያህል ጻፍክ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ! እኛ ብዙ ጊዜ የምንሸነፈው በአንድ ነጥብ ነው።

የእኛ ቡድን ሁኔታ ደግሞ ይብሳል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ስትነሳ ከዚያ እየመጡ አብረውን ይጫወቱ የነበሩ ሁለት ረጃጅም ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። በታክሲ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ለልምምድ መምጣት አይቻልም። አሁን ከቀለበት ሥር የሚጋፋልን ሰው የለም። ቁመት የሌለው ቡድን ሪባውንድ ለመሻማት ሁሉንም ሰው ወደ ፊት ቢልክ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ የሚያጣው ግን ቤቱን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ረጅም ሰው ያለው ቡድን ይድፈር። እኛ ግን መመለስ አለብን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። የቅጣት ምት መስመሩን በሐሳባችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ሜዳው ጠርዝ ዘርጉት። ሲወረወር ከዚያ መስመር በላይ፣ ማለትም ወደ መሐል ሜዳ በኩል የነበረ ሁሉ፣ ወርዋሪውም ቢሆን፣ ይመለሳል። ከመስመሩ በታች የነበረ፣ ቀለበቱ ሥር ያለውም ሆነ ጥግ ላይ የቆመው፣ ሄዶ ይሻማል። ጥግ ላይ ያለው ሹተር ከራሱ ቅርጫት በጣም የራቀ ስለሆነ ቢመለስም አይደርስም፤ እሱ ይሂድ። ቀለበቱ አጠገብ ወርውሮ የሳተም የራሱን ኳስ ይከተል። ሁለት ሰው ግን ምንጊዜም ኋላ ይኑር። ዋናው ነገር ይህን ውሳኔ ኳሱ አየር ላይ እያለ ሳይሆን ጨዋታው ሳይጀመር መወሰን ነው። ቆሞ ያየ ሰው ደግሞ፣ ኳሱ ቢገባለትም እንኳ፣ ተቀይሮ ይውጣ። ይሄ ጭካኔ ከመሰላችሁ ብቻውን ኋላ የቀረውን ጋርድ ጠይቁት።

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ፤ ይህ ከጋዜጠኝነት ጋር ምን ያገናኘዋል? ሹተሩ የማይመለስበት አንዱ ምክንያት መመለስ ስለማይጻፍለት ነው። የውጤት ወረቀቱን ተመልከቱ፦ ነጥብ፣ ሪባውንድ፣ አሲስት፣ ስቲል፣ ብሎክ። «ተመልሶ ሌይ አፕ ያስቀረ» የሚል ዓምድ የለም። ሁለት ሰው ብቻውን ለማቆም ሞክሮ ያቃተው ጋርድ ግን በሕዝብ ፊት «ተሸወደ» ይባላል። ያስገባው እሱ ነው የሚመስለው፤ ጥለውት የቀሩት ሦስቱ በካሜራው ውስጥ አይታዩም።

ስቲልና ብሎክ እንኳ በኤን.ቢ.ኤ. በይፋ መመዝገብ የጀመሩት በ1973–74 የውድድር ዘመን ነው። የማጥቃትና የመከላከል ሪባውንድም ተለይቶ መጻፍ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። 11 ዋንጫ የወሰደው፣ በመከላከል ወደር የለውም የሚባለው ቢል ራስል በ1969 ጨዋታ አቁሟል። ስለዚህ በይፋ የተቆጠረለት አንድም ብሎክ የለም! ሰውየው ሳይሠራ ቀርቶ ነው? አይደለም። የሚጽፍ ስላልነበረ ነው። ዓምዱ ከተከፈተ በኋላ ግን ብሎክ ማድረግም ክብር ሆነ፤ ልጆችም ተለማመዱት።

ከዚህ የምማረው፣ የምንጽፈው ነገር ሰዎች የሚሠሩትን ነገር ይለውጣል የሚል ነው። እኛ ነገ በሬዲዮና በጋዜጣ ስፖርት የምንዘግብ ሰዎች «እገሌ 20 ነጥብ አስቆጠረ» ብለን ብቻ ከጨረስን፣ በየሰፈሩ ያለው ልጅ 20 ነጥብ ብቻ ነው የሚመኘው። «እገሌ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ቤቱን ዘጋ» ብለን ብንጽፍስ? ይህን ለማድረግ ዋጋ የሚያስከፍል መሣሪያ አያስፈልግም። ደብተርና እስክሪብቶ፣ ከዚያም ዓይንን ከኳሱ ላይ አንስቶ ወደ ኋላ ማየት ነው። የዲፓርትመንታችን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሿ ስታዲየምም ሆነ ሌላ ሜዳ ጨዋታ ለማየት ስትሄዱ እስቲ ሞክሩት። ኳሱ ሲወረወር ሁሉም ሰው ወደ ቀለበቱ ያያል። እናንተ ሹተሩን እዩት። ወደ ፊት ሄደ? ተመለሰ? ወይስ ቆመ? በወረቀታችሁ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩና ጭረት ጭረት አድርጉ። ከጨዋታው በኋላ ውጤቱንና ጭረቱን አስተያዩ። የእኔ አቋም ስህተት ከሆነ ጭረቶቹ ያሳዩኛል፤ በሚቀጥለው እትም ጻፉና አሳፍሩኝ።

የሰፈሬ ሹተሮችም ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ። ወርውሩ፤ ማንም አልከለከላችሁም፤ እጃችሁ ይባረክ። ብቻ ኳሱ ከእጃችሁ ሲወጣ ሥራችሁ እንዳላለቀ እወቁ። የገባው ኳስ ለእናንተ ይጻፍ፤ የሳተው ኳስ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ዕዳ አይሁን።